ብር ቁስል ላይ፦ ጥቃቅን የብረታ ብረት ቅንጣቶች ከባክቴሪያ ጋር

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

ዛሬ የምንነጋገረው በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ስለማይለዩ የብር፣ የዚንክና የመዳብ ቅንጣቶች፣ በተለይም ስለ ብሩ ነው። ብር የምለው አምባርና የአንገት መስቀል የሚሠራበትን ማዕድን ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ባክቴሪያ ይገድላሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚያከራክረው የታመመን ሰው ለማዳን የት ድረስ ይጠቅማሉ የሚለው ነው። እኔም ሰፋ አድርጌ የማወራችሁ ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ነገሩን ከጀርመኗ የላይፕዚግ ከተማ ልጀምር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ማዋለጃዎች ከሚወለዱ ጨቅላዎች አንዳንዶቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይናቸው ያብጥና መግል ይቋጥር ነበር። እናቲቱ ጨብጥ ካለባት ሕፃኑ ሲወለድ ጀርሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ካልታከመ የዓይን ብሌኑን ያበላሸዋል፤ ልጁም ዓይነ ስውር ሆኖ ያድጋል። የላይፕዚግ ማዋለጃ ኃላፊ የነበረው ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1880 አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። ሕፃኑ እንደተወለደ ዓይኑ ይጠረጋል፤ ከዚያ ከመቶ 2 እጅ ብር ናይትሬት ካለበት ፈሳሽ አንዳንድ ጠብታ በሁለቱም ዓይኖቹ ይጨመራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከመቶ ሕፃናት ወደ 10 የሚጠጉትን ይይዝ የነበረው ሕመም ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ክሬዴ ውጤቱን በ1881 አሳተመ፤ ጠብታዋም በብዙ አገር በሕግ ታዘዘች። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን አዋላጆች የጨቅላውን ዓይን የሚቀቡት የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያች የብር ጠብታ ተተኪ ነው።

ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። ጨብጥን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እንኳ አልበርት ናይሰር ያገኘው ክሬዴ ጠብታውን ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1879 ነበር። ብር ውሃን ከብልሽት እንደሚጠብቅ ግን ሰው ከጥንትም ሳያስተውለው አልቀረም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደተረከው፣ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ሲዘምት የሚጠጣው የኮአስፔስ ወንዝ ውሃ ከተፈላ በኋላ በብር ዕቃ ተሞልቶ በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ ይከተለው ነበር።

ወደ ሕክምናው እንመለስ። ብር እስከ ዛሬ ከቦታው ያልተነቀለበት ሕክምና ቢኖር የቃጠሎ ሕክምና ነው። ቆዳ ሲቃጠል ሰውነትን ከባክቴሪያ የሚከላከለው አጥር ይፈርሳል። የሞተው ቆዳ እርጥብና ሞቃት ስለሆነ ባክቴሪያ ይራባበታል። ደም ሥሮቹም አብረው ስለተቃጠሉ በአፍ የተዋጠ ወይም በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት ቁስሉ ዘንድ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከላይ መምጣት አለበት። በ1965 አሜሪካውያን ሐኪሞች ከመቶ ግማሽ እጅ ብር ናይትሬት ባለበት ፈሳሽ ፋሻ እያራሱ የተቃጠሉ ሰዎችን ማከም ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ፎክስ ብርን ከሰልፋ መድኃኒት ጋር አዋሕዶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባለውን ነጭ ክሬም ሠራ። በአገራችን ቃጠሎ የታከመ ወይም ያስታመመ ሰው ይህን ክሬም ያውቀዋል። የፈላ ውሃ የተደፋበት ሕፃን፣ የሚጥል በሽታ ይዞት ምድጃ ውስጥ የወደቀ ሰው፣ በኤሌክትሪክ የተያዘ ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ቁስላቸው ላይ ብር ተቀብቶላቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ብር የቆየ መድኃኒት ከሆነ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? አዲሱ ነገር መጠኑ ነው። ናኖሜትር ማለት ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይሆናል። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ ወደ 2 ሺህ ናኖሜትር ነው። ናኖ ቅንጣት የምንለው ደግሞ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆነውን ነው። እንግዲህ 10 ናኖሜትር የሆኑ የብር ቅንጣቶች በአንድ ኢ. ኮላይ ርዝመት ልክ ቢደረደሩ 200 ይሆናሉ።

ማነሱ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? የተቆላ ቡና ሳይወቀጥ እንዳለ ብታፈሉት ጣዕሙን ቶሎ አይሰጥም። ሲወቀጥ ግን ያው ቡና፣ በዚያው ሚዛን፣ ወዲያው ይወጣል፤ ውሃው የሚነካው ገጹ ስለሰፋ ነው። አሁን ይህን በብር እናስላው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም 1 ሳንቲሜትር የሆነ የብር ቁራጭ 10 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል፤ የውጭ ገጹ በሙሉ ሲደመር 6 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ይህንኑ ቁራጭ እያንዳንዳቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንከፋፍለው የገጻቸው ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። በብሩ ላይ አንዲት ግራም አልተጨመረችም። ከውሃና ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሰፍቷል።

በዚያ ሰፊ ገጽ ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ። በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን የብሩን ገጽ ይነካዋል፤ ያን ጊዜ ከቅንጣቷ ላይ ኤሌክትሮን የጎደላቸው የብር አቶሞች እየተላቀቁ ይወጣሉ። ኬሚስቶች አዮን ይሏቸዋል። ገዳዩ ይህ የብር አዮን ነው። የብር አዮን ድኝን ይወዳል፤ ድኝ ባገኘበት ሁሉ ሄዶ ይጣበቃል። የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ደግሞ ብዙዎቹ ድኝ አላቸው፤ በተለይ ባክቴሪያው ምግቡን ወደ ጉልበት የሚለውጥባቸው፣ በስስ ሽፋኑ ላይ የተተከሉት ፕሮቲኖች። ብሩ ሲጣበቅባቸው ሥራቸው ይቆማል። ሽፋኑ ይሳሳል፣ ይቀዳደዳል፤ በውስጡ የነበረው ነገር መፍሰስ ይጀምራል። አካልን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውሁዶችም ይፈጠራሉ። ብሩ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ባክቴሪያው የሚባዛበትን ዲ ኤን ኤም ያውከዋል።

ቅንጣቷ ራሷ ትገድላለች ወይስ ከእርሷ የሚወጣው አዮን? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለዓመታት አከራክሯል። በ2005 የወጣ የታወቀ ጥናት ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር የሚሆኑት ቅንጣቶች ከባክቴሪያው ሽፋን ጋር ሲጣበቁና ወደ ውስጥም ሲገቡ አሳየ። በ2012 ግን በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅንጣቶቹን ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ውስጥ ከባክቴሪያ ጋር አገናኟቸው። ኦክስጅን ከሌለ አዮን አይወጣም። ባክቴሪያዎቹም አልሞቱም ማለት ይቻላል። ለእኔ ይህ በዘርፉ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በጣም ግልጽ የሆነው ነው። ቅንጣቷ የብር ጎተራ ነች፤ ሥራዋ አዮኑን በሚያስፈልገው ቦታ፣ ቀስ እያለች፣ ለረጅም ሰዓት ማውጣት ነው።

ይህ ቀስ ብሎ መውጣት ለታማሚው ምን ማለት እንደሆነ የቃጠሎ ቁስል ሲቀየር ያየ ሰው ይገባዋል። ክሬሙ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንደገና ይቀባል። ያ እጥበት ከራሱ ከቃጠሎው የማያንስ ሥቃይ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በካናዳ፣ በአልበርታ ግዛት፣ ናኖ መጠን ባላቸው የብር ክሪስታሎች የተለበጠ የቁስል መሸፈኛ ተሠራ። ይህ መሸፈኛ ቁስሉ ላይ ለሦስት ቀን፣ እንደ ዓይነቱም እስከ ሰባት ቀን ሳይነሳ ብር እየለቀቀ ይቆያል። አንድ ሕፃን በሳምንት ሰባት ጊዜ ከሚጮህ ሁለት ጊዜ ቢጮህ ይሻላል። የናኖ ቅንጣትን ጥቅም በአንድ ማስረጃ አስረዳ ብባል የማቀርበው ይህንን ነው። ዋጋው ግን ከክሬሙ እጅግ ይወደዳል፤ ለዚህም ነው በብዙ ድሃ አገሮች ሆስፒታሎች የማይገኘው።

ክሬሙም ቢሆን እንከን አለው። የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከአዳዲስ የቁስል መሸፈኛዎች ጋር ሲነጻጸር ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቁስሉ የሚድንበትን ጊዜ ያዘገያል። ለሰልፋ አለርጂ ላለበት ሰው፣ ለመውለድ ለተቃረበች እናትና ዕድሜው ሁለት ወር ላልሞላ ሕፃን አይሰጥም። ስለዚህ ጎረቤት ቤት የተረፈ ክሬም አለ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

(አጭር ሙዚቃ)

ፔኒሲሊን ሲመጣ ብር ከቃጠሎ ሕክምና በቀር በአመዛኙ ተረስቶ ነበር። እንደገና እንድናስታውሰው ያደረገን አንቲባዮቲኮች እየከዱን መምጣታቸው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን ባነሰ ከተወሰደ ባክቴሪያው እንደሚላመደው አስጠንቅቆ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 ያወጣው ትልቅ ጥናት እንደሚለው፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ይደርሳል። የሞቱ መጠን ከዓለም ሁሉ የከፋው ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው። ጉንፋን ሲይዘን ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝተን የምንውጠው፣ ሻል ሲለን በመሀል የምናቋርጠው፣ የተረፈውን ለዘመድ የምንሰጠው እኛ ነን። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ራሳችንን ማውጣት አንችልም።

ብር ባክቴሪያውን በአንድ ቦታ ብቻ ስለማያጠቃው ለመላመድ ያስቸግራል ይባላል። እውነት አለው። አይላመዱትም የሚለው ግን ስሕተት ነው፤ የማስረዳውም በሚያሳዝን ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል፣ የብር ናይትሬት ፈሳሽ የማይገድለው የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ተነሳ። ሦስት ሕሙማን ሞቱ፤ ክፍሉም እስኪጸዳ ተዘጋ። ታሪኩ በ1975 ታተመ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1999፣ ያ ባክቴሪያ ብሩን የተቋቋመባቸው ጂኖች ተለዩ። ጂኖቹ የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ከፊሎቹ ብሩን ይዘው ያስቀራሉ፤ ከፊሎቹ ወደ ውጭ ይተፉታል። ጂኖቹ የተቀመጡት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ በሚችል የዲ ኤን ኤ ቀለበት ላይ ነው። ይህ ማለት አንዱ የተማረውን ለጎረቤቱ ማቀበል ይችላል ማለት ነው።

ናኖ ቅንጣቶቹስ? በ2018 በቼክ ሪፐብሊክ፣ በኦሎሞውትስ ከተማ የፓላትስኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይን ደጋግመው ከብር ናኖ ቅንጣቶች ጋር አኖሩት። ባክቴሪያው በዘሩ ላይ አንዳች ለውጥ ሳያደርግ መላ አገኘ። ለመዋኘት የሚጠቀምበትን የጅራቱን ፕሮቲን በብዛት እያመረተ ወደ ውጭ ለቀቀው። ፕሮቲኑ የብር ቅንጣቶቹን አጣብቆ አጓጎላቸው፤ ሲጓጉሉ ገጻቸው ጠበበ፤ ገጻቸው ሲጠብ ኃይላቸው ሄደ። ከላይ ያሰላነውን የ600 ካሬ ሜትር ነገር አስቡት፤ ባክቴሪያው ያፈረሰው ያንኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን መላ የሚያከሽፍ ነገር አገኙ፤ የሮማን ልጣጭ ጭማቂ ነው። ጭማቂው ባክቴሪያው ያንን ፕሮቲን እንዳያመርት ስለሚያግደው ብሩ እንደገና መግደል ጀመረ። ይህ ሁሉ የሆነው በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ስለሆነ የሮማን ልጣጭ አፍልታችሁ ቁስል ላይ እንዳታደርጉ።

በጣም ተስፋ የሚሰጠኝ መንገድ ብርን ከአንቲባዮቲክ ጋር ማጣመር ነው። ቫንኮማይሲን የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለ። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች ላይ አይሠራም፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ያንን ሽፋን አያልፍም። በ2013 በቦስተን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጥቂት ብር አብረው ሲሰጡ ሽፋኑ ሳሳና ቫንኮማይሲን ገባ። በኢ. ኮላይ የታመሙ አይጦችም በዚህ ጥምረት ዳኑ። እዚህ ላይ ብሩ ብቻውን አልገደለም፤ መድኃኒቱ የሚገባበትን በር ከፈተ። ከአይጥ ወደ ሰው ለመድረስ ገና ረጅም መንገድ አለ። ያረጁ አንቲባዮቲኮቻችንን እንደገና ሥራ ላይ የማዋል ዕድል ግን ስለሚሰጥ ገንዘብና ጊዜ ቢፈስበት ደስ ይለኛል።

በአገራችንም ሥራው ተጀምሯል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን በኮሰረት ቅጠል ሠርተዋል። አዎን፣ ቅቤ በምናነጥርበት ኮሰረት። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ውሁዶች ቅንጣቶቹ እንዲፈጠሩ ይረዳሉ፤ ከተፈጠሩም በኋላ ሸፍነው እንዳይጓጉሉ ይይዟቸዋል። ይህ አሠራር መርዛማ ኬሚካል ይቀንሳል፤ ርካሽ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚበቅል ነገር ይጠቀማል። ቅንጣቶቹ በላቦራቶሪ ባክቴሪያዎችን ሲያግዱ ታይተዋል። ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ለአገሬ ሳይንቲስቶች ያለኝን አክብሮትም ጨምሮልኛል።

በዚህ ዘርፍ በዓለም ዙሪያ ስለሚወጡት ጥናቶች ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። እጅግ ብዙዎቹ የሚያበቁት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ባክቴሪያ ሳህን ላይ ይዘራል፣ ቅንጣቱ ይጨመራል፣ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይታያል፣ ክቡ በሚሊሜትር ተለክቶ ይታተማል። ከዚያ ሳህን እስከ ታማሚው አልጋ ድረስ ያለውን መንገድ የሚሄድ ጥቂት ነው። መንገዱን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ራሱ የብሩ ጠባይ ነው።

ብር ድኝ ይወዳል ብዬ ነበር። የእኛም ሰውነት ድኝ አለው። በደማችን ውስጥ በብዛት ያለው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ድኝ አለው። ደማችን ጨውም አለው፤ የብር አዮን ከጨው ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ የተዋጠ ወይም ደም ውስጥ የገባ ብር ባክቴሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በራሳችን አካል ይያዛል። ብር የባክቴሪያን ፕሮቲን ከሰው ፕሮቲን አይለይም። አንቲባዮቲክን ታላቅ መድኃኒት ያደረገው ይህ መለየቱ ነው፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው ባክቴሪያ ያለውን፣ የሰው ሕዋስ ግን የሌለውን ግድግዳ ነው። የሳንባ ምች፣ ታይፎይድ ወይም ቲቢ የያዘው ሰው በብር ቅንጣት አይድንም። የብር ቦታው ከውጭ ነው፤ ቁስል ላይ፣ ዕቃ ላይ፣ ውሃ ውስጥ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ኮሎይዳል ሲልቨር በሚል ስም በጠርሙስ የሚሸጥ የብር ውሃ አለ። በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን በጤና ማሟያ መደብሮች ታዩታላችሁ። ለካንሰር፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለሁሉም መድኃኒት ነው እየተባለ ይወራለታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1999 ያለ ማዘዣ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የብር ምርቶች ፍቱንነታቸውም ደህንነታቸውም ያልተረጋገጠ መሆኑን ወስኗል። በ2020 ደግሞ የኮቪድ መድኃኒት ነው እያሉ የሸጡትን አስጠንቅቋል። ብሩ በቆዳ ሥር ይከማቻል፤ ለብዙ ጊዜ የጠጣ ሰው ፊቱና ጥፍሮቹ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናሉ፤ ያ ቀለም አይለቅም። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና የእንቅርት መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገቡም ያውካል። ዘመድ ከውጭ ልኮላችሁ እጃችሁ ላይ ካለ አትጠጡት፤ ለልጅም አትስጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከውጭ ይሠራል ያልኩትም ቢሆን በየቦታው መፈተን አለበት። ሁለት ትልልቅ ፍተሻዎችን ላንሳላችሁ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ይገባለታል፤ ባክቴሪያም በዚያ ቱቦ ተሳፍሮ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ብር የተለበጠ ቱቦን ከተራው ጋር አወዳደረ። በተራው ቱቦ ከመቶ 7.5 ሕሙማንን የሳንባ ምች ያዛቸው፤ በብሩ ግን 4.8። በሞት ቁጥር ላይ ልዩነት አልታየም፤ ያም ሆኖ ሕመሙ ቀንሷል። ሌላው ፍተሻ የሽንት ቱቦ ነው። በ2012 በላንሴት የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በ24 ሆስፒታሎች ከ7 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማንን አካተተ። በተራው ቱቦ ከመቶ 12.6፣ ብር በተለበጠው 12.5 ሰዎች በሽንት ኢንፌክሽን ታመሙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ብር የተለበጠው ቱቦ ግን በላቦራቶሪ ባክቴሪያ ይገድል ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም በውድ ዋጋ ተሸጧል። እንደኛ ላለ አገር ይህ ጥናት ወርቅ ነው። በማይጠቅም ቱቦ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለእጅ መታጠቢያ ሳሙናና ለንጹሕ ጓንት ቢውል ይሻላልና።

ብርን ካልሲና የውስጥ ልብስ ላይ መንስነስም መጥቷል። በ2008 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ካልሲዎችን አጥበው ሲፈትሹ ከአንዳንዶቹ ብሩ በጥቂት እጥበት ታጥቦ አለቀ። ወደ ፍሳሹ የገባው ብር በዚያ ያሉትን ባክቴሪያዎች መላመድ ሊያስተምር ይችላል። ለእግር ሽታ ብለን የቃጠሎ ሕሙማንን መድኃኒት ማባከን የለብንም።

በጎ ምሳሌም አለ። በ1981 በጓቲማላ ፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ የተባለ ተመራማሪ የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ሠራ። ጭቃው ከመጋዝ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ይሠራል፤ ሲተኮስ መጋዙ ይነድና ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል። ከዚያ ጥቂት የብር ቅንጣት ይቀባል። ቀዳዳዎቹ ብዙውን ባክቴሪያ ያስቀራሉ፤ ብሩ የቀረውን ያዳክማል፤ ማጣሪያው ላይም ባክቴሪያ እንዳይራባ ይከላከላል። ሮን ሪቬራ የተባለ አሜሪካዊ ሸክላ ሠሪ ከ1998ቱ የማዕከላዊ አሜሪካ አውሎ ነፋስ በኋላ ይህን ማጣሪያ ከአገር ወደ አገር እየዞረ የአገሬውን ሸክላ ሠሪዎች አስተማረ፤ በ2008 በናይጄሪያ ማጣሪያ ማምረቻ ሲያቋቁም ወባ ይዞት ሞተ። ይህ ማጣሪያ ቫይረሶችን ለማስቀረት ግን አያስተማምንም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚደርስ ብር ጉዳት እንደማያመጣ ይገልጻል። የሸክላ ሥራ እጅ ሞልቶ በተረፈበት በእኛ አገር ይህ ሥራ ተገቢውን ትኩረት እንዲያገኝ እመኛለሁ።

አድማጮቼ፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው። ብሩን ለሐኪሙ ትተን ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ በእጃችን ያለውን ልንገራችሁ። ሰው ሲቃጠል የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያዙት፤ በረዶ አታድርጉ። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጀምር አውልቁ። የተጣበቀ ልብስ በግድ አትላጡ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነም ጠይቁ። ሕፃን ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አታሳድሩ።



(መዝጊያ ሙዚቃ)